የቀኝ ዓይኗ ጠብታ

ሰው እግረ እርጥብ ይለኛል። ነገሩ የጀመረው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። አንድ የአገራችን ሰው እዚያ የሸቀጥ ሱቅ ሲከፍት፣ ገና በሩ እንደተከፈተ ገባሁና አንድ ከረጢት ምስር ገዛሁ። ሱቁ ገበያ ቀናው። ሰውዬው ላገኘው ሁሉ «እሳቸው ረግጠውልኝ ነው» ይል ጀመር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው እኔን መጥራት ለመደ። ፀጉር ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ራሴ ላይ የሚቆረጥ ፀጉር ከጠፋ ግን ቆይቷል። አዲስ ታክሲ የገዛ ሰው ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ኮሎምቢያ ሃይትስ ወስዶ መልሶ ያመጣኛል፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እዚህ አገር የሠራሁትም ሌሊት ሌሊት አውቶቡስ ማጠብ ነው። እንደኔ ያለ ሰው በሆነ ነገር ሲፈለግ ደስ አይበለው ማለት ይከብዳል።

ባለቤቴ ትስቅብኝ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እግርህ የሚረጥበው የሰው ቤት ሲደርስ ብቻ ነው እንዴ? እዚህ ቤት እኮ ድርቅ ነው» ትለኛለች።

አውቶቡስ የማጥበው ካውንቲ የሚሉት የወረዳው አስተዳደር መኪናዎች በሚያድሩበት ጋራዥ ነበር። ሪታየር ሳደርግ የቢሮዋ ሴትዮ ልጃችንን አስተርጓሚ አድርጋ ብዙ ነገር ነገረችኝ። ከሁሉም ያስታወስኩት አንዱን ነው። ኢንሹራንሴ ከጡረታም በኋላ ይቀጥላል፣ ባለቤቴም በእኔ ስር ትቆያለች፣ ሐኪሙም መድኃኒቱም አብሮ ነው። «ብቻ ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ይደውሉልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ይቀለኛል።

ባለቤቴ በስድስት ዓመት ታንሰኛለች። እኔ ስልሳ አምስት ሞልቶኝ ሜዲኬር የሚሉትን የመንግሥት የሽማግሌ ኢንሹራንስ ስይዝ እሷ ገና ነበረች። የጎረቤት ሕፃናት ቤታችን ውስጥ ትጠብቅ ነበር፤ ያ ሥራ ኢንሹራንስ የለውም። ስለዚህ እሷን የያዛት የጋራዡ ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ያስፈለጋት ደግሞ ለዓይኗ ነው። የዓይን ግፊት አለብሽ፣ ግላኮማ ነው ብለዋታል፣ ሁለቱም ዓይን ላይ። ሐኪሙ ሲያስረዳን፣ ይኼ በሽታ አያምም፣ አያሳክክም፣ ከዳር ከዳር እየበላ ነው የሚሄደው አለን። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን የሚጠብቀው ጠብታው ነው።

ጠብታውን የምጨምርላት እኔ ነበርኩ። እሷ ራሷ ስትሞክር ጠብታው ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍንና ጉንጯ ላይ ይፈስሳል። ማታ ከራት በኋላ ሶፋው ላይ ራሷን ወደ ኋላ ታስደግፋለች። ዓይንሽን ክፈቺ ስላት አፏንም አብራ ትከፍታለች።

«አፍሽን ምን ያስከፍትሻል? በዓይንሽ እኮ ነው የሚገባው።»

«አንተ ዝም ብለህ ጠብ አድርግ።»

መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ከዚያ ሁለቱንም ጨፍና ትንሽ ትቆያለች። እኔ ቴሌቪዥኑን እቀንስላታለሁ። ትዳራችን ውስጥ እንዲያ ፊቷን አቅርቤ ያየሁበት ጊዜ የለም። ወጣት ሳለን እንኳን አፍር ነበር።

እንግዲህ በዚያን ሰሞን ነው የመንግሥቱ የመድኃኒት ኢንሹራንስ አዲስ የወጣው። ከዚያ በፊት ሜዲኬር ሐኪምና ሆስፒታል ይከፍላል እንጂ ከፋርማሲ የምንወስደውን አይከፍልም ነበር። አሁን ለዚያም ፕላን መጣ ተባለ። ወሬው በየቦታው ሆነ። በጊዜው ያልተመዘገበ ሰው ዕድሜ ልኩን ቅጣት እየተጨመረበት ይከፍላል ይባላል። ከሥራ ቦታው ጥሩ ሽፋን ያለውን ሰው ያ ቅጣት እንደማይነካው የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ሽማግሌው ሁሉ እርስ በርሱ «ያዝክ?» «አልያዝኩም፣ አንተስ?» ይባባል ነበር።

አንድ እሑድ አሌክሳንድሪያ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አዳራሹ ስንወርድ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ከኋላው የተቀመጠችው የአንድ ወዳጄ ልጅ ናት። አባቷ ጋራዡ ውስጥ አብሮኝ ይሠራ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ልጅ እላታለሁ እንጂ የልጆች እናት ናት። ባንክ ትሠራ ነበርና ቅርንጫፉ ሲዘጋ ከሥራ ወጣች። ከዚያ ይኼንን የኢንሹራንስ ነገር ተምራ ፈቃድ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አንጥፋለች፣ እስክሪብቶ ደርድራለች፣ በሳህን ከረሜላ አስቀምጣለች። ሰው ግን አይጠጋትም። ምግቡን በሳህን ይዞ በሩቅ ዞሮ ያልፋል። ኢንሹራንስ የሚል ቃል ሲሰማ ሰዉ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። አንድ ሕፃን ብቻ እየተመላለሰ ከረሜላውን ይጨርሳል።

እኔን ስታይ ተነሳች። «አባባ! ይምጡ እስቲ። እርስዎ ካልጀመሩልኝ ማንም አይመጣልኝም።»

ከኋላዬ የነበረ አንድ ሰውዬ ቀበል አድርጎ «ይጀምሩላት እንጂ! እግርዎ እዚህ ካልረጠበ የት ሊረጥብ ነው?» አለ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ሰው ወደ እኛ መዞር ጀመረ።

ተቀመጥኩ። ልጅቷ ስሜን ጻፈች፣ የሜዲኬር ካርዴን ተቀብላ ቁጥሩን ገለበጠች። ከዚያ ጠየቀችኝ። ይኼን መናገር አለብኝ፤ ጠይቃኛለች።

«አባባ፣ ከሥራ ቦታዎ የሚሰጥዎ የመድኃኒት ኢንሹራንስ አለ?»

«አለች አንዲት ነገር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። «እንግዲያው ቆይ። መጀመሪያ እነሱን ብንጠይቅ ይሻላል። አንዳንዱ ቦታ ይኼኛውን ሲይዙ ያንን ይሰርዙታል። ነገ ይደውሉና ሳምንት እንጨርሰዋለን።»

ፊቷን አየሁት። ከጠረጴዛው ማዶ ሳህን ይዞ የቆመውንም ሰው አየሁት። እኔ ተነስቼ ብሄድ፣ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጦ ሳይፈርም የተነሳ የመጀመሪያው ሰው እኔ ልሆን ነው። የሰው ሥራ መክፈቻ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይደረግም። ደግሞም በልቤ፣ ያችም ትኑር ይቺም ትጨመር፣ ሁለት መሆኑ ምን ይጎዳል ብያለሁ።

«እሷን ተያት» አልኳት።

«ቆሟል ማለት ነው?»

«ጻፊ ልጄ፣ ጻፊ።»

ደግማ አልጠየቀችኝም። አባቷ ያከብረው የነበረ ሰው ጻፊ እያላት፣ በሰው ፊት እንዴት ብላ ታፋጥጠኛለች? ጻፈች። ፈረምኩ። መረቅኳትም፤ ሥራሽን ያስፋልሽ፣ እጅሽን ያለምልመው አልኳት። ያቺ ልጅ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። ዞር ስል ከኋላዬ ሁለት ሰው ቆሞ ተራ ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር ደረቴ ተነፋ።

ባለቤቴ እዚያው አዳራሹ ጓዳ ውስጥ ሽርጥ አድርጋ ዳቦ ትቆርስ ነበር። ብጠራት ትሰማኛለች። አልጠራኋትም። ኋላ ነው ብቅ ብላ «ምን ያስቃችኋል?» ያለችኝ።

«ለዚያች ልጅ ጀመርኩላት።»

«ምኑን?»

«የመድኃኒት ነገር ነው።»

«አበጀህ፤ ታሳዝናለች» ብላ ቢላዋዋን ይዛ ተመለሰች።

የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ገባ። ጠብታዋ ሲያልቅ ወደ ፋርማሲው ሄድን። በረዶ ነበር፤ ክንዴን ይዛ ነው የሄደችው። ፋርማሲው ውስጥ የሚሠራው ሰው ካርዷን አስገባ፣ አወጣ፣ እንደገና አስገባ። «አይሠራም» አለን። ያለ ካርድ ዋጋውን ሲነግረን ባለቤቴ በእጇ የያዘችውን ትንሽ የጠብታ ካርቶን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ እንዳይሰበር የምትፈራ ይመስል በቀስታ። ካርዱ በረዶ ነክቶት ነው እያልኩ እሟገታለሁ እኔ ደግሞ።

በማግስቱ ልጃችን ከሥራ ቦታው ሆኖ የጋራዡን ቢሮ ኮል አደረገልን። እሱ ፌርፋክስ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው፤ ሲያወራ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ጨርሶ ሲደውል ድምፁ ተለውጧል።

«ዳድ፣ የሆነ ነገር ሳይን አድርገሃል?»

«የምን ሳይን?»

«የመንግሥቱን የመድኃኒት ፕላን። ዳድ፣ ፕሊስ፣ ዝም ብለህ ንገረኝ።»

ነገርኩት። ከዚያ እነሱ ያሉትን ነገረኝ። ደንባቸው እንዲህ ነው፤ ጡረተኛ የመንግሥቱን የመድኃኒት ፕላን ከያዘ ከእነሱ ወጥቷል ማለት ነው። ከመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ከሐኪሙም። በእሱ ስር ያለ ሰው ካለም አብሮ ይወጣል። አንዴ ከወጡ ደግሞ መመለስ የለም። አስቀድመን በደብዳቤ አሳውቀናል አሉ። አሳውቀው ይሆናል፤ የሚመጣው ወረቀት ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገባው።

«ሳላውቅ ነው ብለህ ንገራቸው።»

«ነገርኳቸው። ሦስት ሰው ነው ያናገርኩት ዳድ። ኖ አሉኝ።»

«እናትህስ?»

«ማሚም ወጥታለች።»

ስልኩ ድምፁ ተለቆ ስለነበር ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታለች። ሕፃን አቅፋ ጡጦ ታጠባ ነበር። እኔ ላይ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ለሐኪሙ ሜዲኬር አለኝ፣ ለኪኒኑ አዲሱ ፕላን አለኝ። እሷ ግን ስልሳ አምስት እስኪሞላት ሦስት ዓመት ይቀራታል፤ እስከዚያ ድረስ ሜዳ ላይ ናት። ሜዳ ላይ ያወጣኋት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሰው እየሳቀ፣ ከረሜላ እየበላሁ።

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች «ልጅቷ ሳትጠይቅህ ነው?» አለችኝ።

«ጠይቃኛለች።»

«እና ምን አልካት?»

«ጻፊ አልኳት።»

ራሷን ነቀነቀች። ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛውራ «እንዳትነግራት» አለችኝ። «የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ይኼን ከሰማች እንጀራዋ ያስጠላታል። እንዳትነግራት።»

ይኼው ነው ያለችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው የለም። በግል ኢንሹራንስ ልንገዛላት ደወልን። ከዚህ በፊት የታከመችው ነገር አለ ወይ ይላሉ፤ ዓይኗን ስንል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው የሚሆን ክሊኒክ አለ ተባለና ሄድን፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ደም ይለካሉ፣ ስኳር ያያሉ፣ የዓይን ሐኪም ግን የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ከዚያ ደግሞ ጠብታውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ጀመርን። ሰው ሁሉ ከዚህ ወደዚያ መድኃኒት ይልካል፤ እኛ ከዚያ ወደዚህ። እህቷ ትገዛና ለመንገደኛ ትሰጣለች። ያልተከፈተው ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት ተብለናል፤ እሱ ግን ሻንጣ ውስጥ በበርበሬና በሽሮ መሀል ሞቆ ነው የሚደርሰው። ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ ግን ዓይኗ ውስጥ ሲገባ «በርበሬ በርበሬ ይላል» ትልና ትስቃለች። መንገደኛ የጠፋ ጊዜ ልጃችን ከዚሁ ይገዛል። እሱም ቤት ገዝቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ዕዳው ወገቡን ይዞታል።

አንድ ቀን ከክሊኒኩ ብቻዋን ሄዳ ስትመለስ «የዓይን ሐኪሙ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ቀኙ ግፊቱ ወርዷል፣ ጠብታ አያስፈልገውም አለኝ። ግራውን ብቻ ቀጥይ አለኝ።»

«ተመስገን!»

«ተመስገን ነው» አለች።

ለምን አልጠየቅኩም? የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን የሚጠብቀው ጠብታው ነው ተብዬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ አንዱ ዓይን እንዴት ብሎ ነው የሚድነው? ይኼን ለመጠየቅ አራተኛ ክፍልም አያስፈልግም። መልሱን ስለምፈራ ነው ያልጠየቅኩት። የዳነ ዓይን አለ ከተባለ ጥፋቴ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ያን ማታ ተቀብዬ ተኛሁ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ራሷን ታስደግፋለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ እኔም ግራውን ብቻ ጠብ አደርጋለሁ። በገዛ እጄ።

የእኔ የደም ግፊት ኪኒን በየወሩ ሳይጓደል ይመጣል። ከፋርማሲ ስመለስ ከረጢቱን እንዳታየው ኮቴ ኪስ ውስጥ አደርገው ነበር። በኋላ መዋጡንም ተውኩት። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ ነው፤ እሷ የሌላትን እኔም ልጣ ነው። ማን እንደሚጠቀም እንጃ። ባለቤቴ የኮቱን ኪስ ስታራግፍ ያልተነካውን ጠርሙስ አገኘችው።

«ምንድነው ይኼ?»

«ረስቼው ነው።»

«ሙሉውን ጠርሙስ?» አጠገቤ መጥታ ቆመች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጠይቅህ። ነገ ተዘርረህ ወድቀህ እኔ ባንድ ዓይኔ ላስታምምህ ነው ያሰብከው? ና ዋጥ! አሁን እያየሁህ ዋጥ!»

ውኃ አመጣች፣ ዋጥኩ። «ባንድ ዓይኔ» ያለችውን ያኔ አልሰማሁትም። እንዴት አልሰማሁትም?

ከዚያ አንዳንድ ነገር ይታየኝ ጀመር። ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆው ጎን ታፈስሳለች። የበሩ መቃን ሁልጊዜ ቀኝ ትከሻዋን ይመታዋል። እያረጀች ነው አልኩ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንዲት የምናውቃት ሴት እኔን ጎትታ «ምነው፣ ምን በደልኳት? ሰላም እያልኳት ዝም ብላኝ አለፈች። እንዲህ ኮርታ አታውቅም ነበር» አለችኝ። አፈርኩ። መኪና ውስጥ ተቆጣኋት።

«ሰላምታ መመለስ ምን ያስከፍላል?»

«አላየኋትም።»

«አጠገብሽ ቆማ? በቀኝሽ በኩል፣ እጇን ዘርግታ?»

መሀረቧን አውጥታ አፍንጫዋን ጠረገች። መኪናውን የሚነዳው ልጃችን በመስተዋቱ አያት። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም እጁን ወደ ኋላ ሰዶ በቀኟ በኩል ጣቶቹን አወዛወዘ።

«ማም፣ ስንት ጣት ነው?»

«የምን ጣት?» አለች።

ልጃችን ማንንም ሳይጠይቅ ከኪሱ ከፍሎ የዓይን ሐኪም ጋ ወሰዳት። አገጯን የሚያሳርፉባት መሣሪያ አለ፤ ከውስጡ መብራት ብልጭ ሲል በእጅ የያዙትን ቁልፍ መጫን ነው። ግራ ዓይኗ ተራው ሲሆን ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ትጫናለች። ቀኙ ሲሆን ዝም። ጨዋታው የጠፋባት መስሎኝ «ተጫኝው እንጂ» አልኳት ከኋላ። መሣሪያውን የያዘችው ሴትዮ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችኝ። በኋላ ሐኪሙ ሁለት ሥዕል አሳየን። የግራው ነጭ ነው፣ ዳር ዳሩ ብቻ ትንሽ ጠቁሯል። የቀኙ ከግማሽ በላይ ከሰል ነው።

ሐኪሙ ለልጃችን የሆነ ነገር ተናገረ። ልጃችን ወደ እኔ ዞረ። «የቀኙን ጠብታ ማነው ያስቆመው ይላል።»

«የክሊኒኩ ሐኪም ነዋ።»

«የትኛው ሐኪም? ስሙን ይፈልጋል።»

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው። «ሐኪም የለም። እኔው ነኝ ያስቆምኩት።»

ስንመለስ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤታችን በር ላይ መኪናው ሲቆም ነው የነገረችን። «አንዱ ጠርሙስ ለሁለት ዓይን ሲሆን ቶሎ ያልቃል፤ ላንድ ዓይን ሲሆን ይበረክታል። ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ከማጨለም አንዱን ላትርፍ ብዬ ነው። ግራው ይሻል ነበር፣ ግራውን መረጥኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርህ ትጨምርልኝ ነበር ባንዱ ብቻ?»

የመኪናውን በር ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ልጃችን መሪውን በመዳፉ መታው። «ለእኔስ ለምን? ክሊኒኩ ይሰጠኛል አላልሽኝም? እገዛልሽ አልነበር?» ከዚያ ደግሞ ቁጣው ሌላ አቅጣጫ ያዘ። «ያቺን ሴትዮ ነገ እደውልላታለሁ። ላይሰንሷን ነው የማስነጥቃት። ሺ ሹድ ሃቭ አስክድ፣ መጠየቅ ነበረባት!»

«ማንን?» አለች እናቱ። «ልጅቷን? ልጅቷ ጠይቃዋለች። ጻፊ ያላት አባትህ ነው።»

በጥላቻ አይደለም ያለችው። እንደ ተራ ነገር ነው፤ ዳቦው ያለው እዚያ ነው እንደማለት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በአፏ ያወጣችው ይህችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃችን ጠብታውን ራሱ እየገዛ ማምጣት ጀመረ፤ እምቢ ብትለውም አልሰማት አለ። ሁለቱንም ዓይን ጠብ አደርግ ጀመር። ሐኪሙ የቀኙ ጠብታ የቀረችውን ትንሽ ብርሃን ለመጠበቅ ነው ብሏል፤ ጥቁሩን የሚያነጣው ነገር የለም።

ስልሳ አምስት ሲሞላት ሜዲኬሩ መጣላት። የመድኃኒቱን ፕላን መምረጥ ሲያስፈልግ እኔ ከልጃችን ጋር ሆነን በስልክ እንጨርሰው አልኩ።

«እኔ ወደ ልጅቷ ነው የምሄደው» አለችኝ። «አንተ ከዚያች ልጅ የምትሸሸው እስከ መቼ ነው?»

እውነቷን ነው። ልጅቷ በአዳራሹ በኩል ስትመጣ እኔ በጎን በር እወጣ ነበር። እሷ ሥራዋ ሰፍቷል፤ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች አንዱ ውስጥ ቢሮ ተከራይታለች። በተቀጣጠርንበት ቀን ገና በሩን ስንከፍት ተነስታ ተቀበለችን።

«አባባ! ጠፉብኝ እኮ! ምን አጥፍቼ ነው?»

«እርጅና ነው ልጄ፣ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው» አልኳት። ባለቤቴ በጎን አየችኝ።

ልጅቷ ጠንቃቃ ናት። መድኃኒቷን ጠየቀቻት፣ የጠብታውን ስም ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈች፣ ይኼኛው ፕላን በዚህ በዚህ ይሻላል፣ ያኛው በዚያ እያለች አስረዳቻት። እኔ እጄን አጣምሬ ተቀምጫለሁ። ከዚያ የሚፈረመውን ወረቀት በባለቤቴ ቀኝ በኩል አኖረችላት። ባለቤቴ ጠረጴዛውን በእጇ ዳሰሰች። አላገኘችውም። ፊቷን በሙሉ ወደ ቀኝ አዙራ ነው ያየችው።

«እማማ፣ ዓይንዎን ምን ሆነው ነው?»

አፌን ከፈትኩ። አሁን ልንገራት ብዬ ነው። ስንት ዓመት የከበደኝን ነገር እዚያች ጠረጴዛ ላይ ላራግፈው። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ስር እግሬን በጫማዋ ረገጠችኝ፣ በደንብ አድርጋ።

«ዕድሜ ነው ልጄ። የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

«እዚህ ጋ። እስካሁን ጠብታውን በምን ኢንሹራንስ ነበር የሚያገኙት እማማ?»

«በልጄ» አለች። ውሸት አይደለም። ፈረመች።

ሊፍቱ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን «ለምን ረገጥሽኝ?» አልኳት።

«ልትነግራት ነበር።»

«ልነግራት ነበር። እንቅልፍ አጣሁ እኮ።»

«አንተ እንድትተኛ እሷ እንቅልፍ ትጣ?» ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አስተካከለች። «ደግሞ ልንገርህ። ወረቀቱን የፈረምከው አንተ ነህ፣ እሺ። ዓይኑ ግን የኔ ነው። ይኼኛው ይቅር፣ ያኛው ይትረፍ ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ የሆነውን ነገር ሁሉ ራስህ ያደረግከው ይመስልሃል። እኔስ? እኔ የለሁበትም?»

ልታሳርፈኝ ብላ ይሆናል ያለችው፤ ከልቧም ይሆናል። እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ዓይኑ የሷ ነው፣ አዎ። ግን አንዱን እንድትመርጥ ያደረጋት ማነው?

ወጥተን በመኪና ማቆሚያው ውስጥ መሄድ ጀመርን። በግራዋ ነበርኩ። በቀኟ በኩል አንድ ነጭ መኪና ከቆመበት ወደ ኋላ እየወጣ መጣ። እሷ አልቆመችም። በክንዷ ያዝኩና ወደ ኋላ ሳብኳት። መኪናው አለፈ።

«ልቀቀኝ እንጂ! አይቼዋለሁ እኮ» አለችኝ።

አላየችውም።

«እሺ» አልኳት። ከኋላዋ ዞሬ በቀኟ በኩል ሆንኩና ወደ መኪናችን ሄድን።